የመርከብ ሥራ ለጠየቅሽው እህት፦ ከደሞዙ በፊት ስለ እንቅልፉ ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሽርሽር መርከብ ላይ የመኝታ ክፍል ጽዳት ሥራ አግኝተሻል፤ ኮንትራቱ ዘጠኝ ወር ነው። የሥራ ሰዓቱና ማደሪያው እንዴት ነው፣ ገንዘብስ ይተርፋል ወይ ነው ያልሽው። እግረ መንገድሽን ደግሞ ኤጀንቱ «የማስቀጠሪያ» ብሎ ገንዘብ እንደጠየቀሽ ጽፈሻል። በዚሁ ሥራ ሁለት ኮንትራት ጨርሻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ያስደነገጠችኝ የመጨረሻዋ ናት፤ ከእሷ ልጀምር። እንዳትከፍዪ! እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አለ፤ መርከብ ላይ ሁሉም ኤም ኤል ሲ ነው የሚለው። በሥራ ላይ የዋለው በ2013 ነው። አስቀጣሪ ከሠራተኛ የማስቀጠሪያ ክፍያ እንዳይወስድ ይከለክላል። ካንቺ ኪስ ሊወጣ የሚችለው የፓስፖርት፣ የባሕረኛ ደብተር (የመርከብ ሠራተኛ መታወቂያ ሰነድ) እና የጤና ምርመራ ወጪ ነው። ቪዛው እንኳ የመርከቡ ባለቤት ዕዳ ነው። ሌላ ብር ከጠየቀሽ በጽሑፍ «ለምንድን ነው?» በዪው። አብዛኛው እዚያው ላይ ዝም ይላል።

ወደ ሰዓቱ ልግባ። ያው ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት ይገባሻል ይላል። ሲሰሙት ደስ ይላል። አሁን ሒሳቡን ሥሪው፦ ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ 77ቱን ስትቀንሺ 91 ይቀራል። ማለትም በዚህ መለኪያ 91 ሰዓት አሠርተውሽም ሕግ አልጣሱም። የ10 ሰዓቱም ዕረፍት ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ አንደኛው ከ6 ሰዓት እንዳያንስ ብቻ ነው። ዕረፍት የሚባለው ደግሞ እንቅልፍ ብቻ አይደለም። መብላቱ፣ መታጠቡ፣ ልብስ ማጠቢያው ጋ ወረፋ መያዙ ሁሉ ከዚያው ላይ ነው የሚቆረጠው።

የእኔ ቀን ይህን ይመስል ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት አሥራ ስድስት ክፍል አጸዳለሁ። ከዚያ እረፍት። ማታ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል እነዚያኑ ክፍሎች ዞሬ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ፎጣ እቀይራለሁ፣ ፎጣ አጣጥፌም ዝሆን እሠራለሁ። (አዎ፣ ዝሆን። ትለምጂዋለሽ።) እሑድ የለም፣ በዓል የለም፤ በሳምንት ሰባት ቀን ነው። ተሳፋሪ የሚለዋወጥበት ቀን ደግሞ የሚባል አይደለም። ጠዋት የቀድሞዎቹ ይወርዳሉ፣ እኩለ ቀን ላይ አዲሶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆመው «ክፍሌ ደረሰ?» ይሉሻል። አንቺ ገና ሰባተኛው ክፍል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንበርክከሻል።

ማደሪያው ጠባብ ነው። ለሁለት ሰው ተደራራቢ አልጋ፣ ሁለት ቁም ሣጥን፣ መጋረጃው ገላሽ ላይ የሚጣበቅ መታጠቢያ። መስኮት የለም፤ ከውኃው ወለል በታች ነበርን። መብራቱን ስታጠፊ ቀንም ይሁን ሌሊት አንድ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ብንን ብዬ ስነሣ ሰዓቱ ስድስት ይላል፤ የቀኑ ይሁን የሌሊቱ ለማወቅ ኮሪደር ወጥቼ ሰው ጠይቄያለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ባር ላይ ነበር የምትሠራው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትገባለች፣ እኔ 12 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ጫማዋን ውጭ አውልቃ ነበር የምትገባው። በክፍል ጓደኛ ዕድለኛ መሆን ከደሞዝ ጭማሪ ይበልጣል፤ አላጋነንኩም። ክፍላችን በመርከቡ የፊተኛው ጫፍ በኩል ስለነበር ደግሞ ንጋት ላይ ወደብ ስንጠጋ መርከቡን ወደ ጎን የሚገፋው ሞተር ይነሣል። ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስሽንም።

ውቅያኖስ ስትሻገሪም እንቅልፍ ይሰረቃል። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ በየሌሊቱ ወይም ሌሊት እየዘለለ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል። ያቺ አንድ ሰዓት የምትቀነሰው ከተሳፋሪው ሳይሆን ካንቺ ትራስ ነው።

የሚቆጨኝን አንድ ነገር ልንገርሽ። የሥራና የዕረፍት ሰዓት መዝገብ በወሩ መጨረሻ ታይቶ ይፈረማል። አንድ ወር ሠራተኛ ታሞ የሁለት ሰው ሥራ ስሠራ ከረምኩ። ሱፐርቫይዘሩ «ኮምፒውተሩ ዕረፍት ጎደለ ብሎ ቀይ እንዳያሳይ ትንሽ እናስተካክለው» አለኝ። ፈረምኩ። በኋላ ወገቤ ሲይዘኝ ሐኪሙ መዝገቡን አየ፤ በመዝገቡ ላይ እኔ በደንብ ያረፈች ሴት ነኝ። ምን ልበል? ፊርማዬ አለበት። በሁለተኛው ኮንትራት ትንሽ ደብተር ያዝኩና የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፍኩ። አንድ ቀን ልፈርም ስል ደብተሩን አወጣሁ፤ ያለ ጭቅጭቅ አስተካከሉት።

ገንዘብ ይተርፋል ወይ? ይተርፋል። የኪራይ ወጪ የለም፣ የምግብ የለም፣ የትራንስፖርት የለም። ቀዳዳዎቹ የሠራተኞች ባር፣ ኢንተርኔትና ወደብ ላይ መውረድ ናቸው። ግን ኮንትራቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተረጋገጠ ደሞዝ ነው ወይስ ጉርሻ ተገምቶ የተደመረበት? የዓመት ፈቃድ ክፍያስ እዚያው ውስጥ ገብቷል? ይህን በኢሜይል ጠይቂ። በሁለት ኮንትራት መሃል ቤት ስትቀመጪ ብዙ ጊዜ ደሞዝ የለም፤ ስለዚህ ገቢሽን ለዘጠኝ ሳይሆን ለአሥራ አንድ ወር አካፍዪው። ወደ ቤት የመመለሻ ትኬት ግን ኮንትራትሽን ስትጨርሺ የእነሱ ነው።

ዓለምን አያለሁ ብለሽ ከሆነ ቀስ በዪ። ባርሴሎናን አራት ጊዜ ረግጫታለሁ፤ የማውቀው ነፃ ዋይፋይ ያለበትን አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የተወሰነ ሠራተኛ በየተራ መርከቡ ላይ መቅረት ስላለበት አንዳንዴ ጭራሽ አትወርጂም።

የአደጋ ልምምዱን ግን አታላግጪበት። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ጥሩንባ ከሰማሽ የላይፍ ጃኬትሽ የት እንዳለ በእንቅልፍ ልብሽ ማወቅ አለብሽ። ክፍሎቹ ባዶ መሆናቸውን የማየት ሥራ እንደኛ ላለ ሠራተኛ ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለች የሽርሽር መርከብ ጣሊያን ዳርቻ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል።

ከሄድሽ የጆሮ መድፈኛ፣ እጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት (የክፍል ጓደኛሽን እንዳትቀሰቅሺ)፣ የማያንሸራትት ጥሩ ጫማና ያቺን ደብተር ያዢ። ኮንትራቱን ከሰጡሽ ስምሽንና የፓስፖርት ቁጥርሽን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው። የሰዓቱንና የደሞዙን አንቀጽ አብረን እናየዋለን።