ክሽክሽ ለወረረው ጎመን ማላታዮን ምን ይሠራል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የጎመንሽ ቅጠል ተጨማዷል፤ ጀርባው በጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ተሸፍኗል። ቃሪያሽም ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ሻጩ ማላታዮን የሚባለውን የነፍሳት መርዝ ሰጥቶሽ፣ ልጆች ግቢ ውስጥ ስለሚጫወቱ ለመርጨት ፈርተሻል። ሌላ መላ አለ ወይ ነው ያልሽው። አለ። እኔም ለዓመታት ጓሮ ሳለማ ያየሁትን ልንገርሽ።

በገለጻሽ መሠረት ጎመኑ ላይ ያለው ክሽክሽ ነው። ቅጠል ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጥጣል። የሚያስደነግጠው አበዛዙ ነው። ሴቷ ወንድ ሳያስፈልጋት ልጅ ትወልዳለች፤ ሙቀቱ ከተመቻቸው ልጆቿም በሳምንት ገደማ ራሳቸው መውለድ ይጀምራሉ። ግን ቆዳው ስስ ነው፣ በቀላሉ ይሞታል። ለእሱ ማላታዮን መርጨት አያስፈልግም።

በውሃ ጀምሪ። ጠዋት ላይ የቅጠሉን ጀርባ ጠንከር ባለ ውሃ እጠቢው። መሬት ከወደቀው አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጠሽ ከጓሮው አርቂ። ወረራው ገና ከሆነ ይሄ ብቻ ሊበቃሽ ይችላል።

ካልበቃ ሳሙና። ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ። ለተክል ተብሎ የተዘጋጀ ሳሙና ካገኘሽ ይመረጣል፤ እሱን ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ነው የምትበጠብጪው። የልብስ ማጠቢያ ዱቄትና በረኪና ያለበት ነገር ግን አይሆንም፣ ቅጠል ያቃጥላል። ውሃሽ አረፋ የማያወጣ ዓይነት ከሆነ የዝናብ ውሃ ተጠቀሚ።

ብዙ ሰው «ሳሙና ሞክሬ አልሠራም» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ እያለ የነካውን ብቻ ነው። ከደረቀ በኋላ ምንም አያደርግም። ከላይ ከላይ ረጭተሽ ከሄድሽ ክሽክሹ ከታች ሆኖ ኑሮውን ይቀጥላል። ቅጠሉን ገልብጠሽ፣ ጀርባው እስኪንጠባጠብ ርጪ። ከዚያ ያመለጡትና አዲስ የተወለዱት ስላሉ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ድገሚው። በጠራራ ፀሐይ ወይም ተክሉ ውሃ ጠምቶት ሳለ አትርጪ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ አንድ ቀን ጠብቂ።

ግንዱ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ታያለሽ? ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጉንዳኑ ያንን እየላሰ ክሽክሹን ከጠላቶቹ ይጠብቅለታል። ስለዚህ የጉንዳኑን መንገድ መዝጋትም የሥራው አካል ነው። ዩሪያም አብዝተሽ ከሆነ ቀንሺ። ናይትሮጅን የበዛበት ለምለም ለጋ ቅጠል ክሽክሽ ይጠራል።

አሁን ደግሞ ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ነገር። ከመርጨትሽ በፊት ቅጠሉን በደንብ እዪው። ትንሽ ጥቁር አዞ የምትመስል፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት እጭ ካየሽ እንዳትገድያት። የባለነጥቧ ቀይ ጥንዚዛ ልጅ ናት፤ እስክታድግ ድረስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ልትበላ ትችላለች። ተነፍተው ቡናማ ሆነው የደረቁ ክሽክሾች ካየሽ ደግሞ ደስ ይበልሽ፤ ውስጣቸው ጥቃቅን ተርብ አድጓል ማለት ነው። እነዚህ ካሉ እኔ ጥቂት ቀን እታገሣለሁ። ማላታዮን ለይቶ አይገድልም። ጥንዚዛውንም ተርቡንም ንቡንም ይወስዳል። ከዚያ ቀድሞ የሚመለሰው ቶሎ ቶሎ የሚወልደው ክሽክሽ ነው፣ ያውም የሚበላው በሌለበት።

ከኒም ዛፍ የሚገኘው ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ውስጡ ያለው አዛዲራክቲን ነፍሳቱ ቆዳ ቀይሮ እንዳያድግ ነው የሚያግደው። ማታ ረጭተሽ ጠዋት ሬሳ አትፈልጊ፤ ውጤቱን ለማየት ቀናት ይወስዳል። ፀሐይ ስለሚያፈርሰው አመሻሽ ላይ ነው የሚረጨው። አበባ ላይ ግን አይሁን፣ ለንቦቹ ስንል።

አንድ የቡድናችን አባል «ትምባሆ ዘፍዝፊና ርጪ» ብሎሻል። ይቅርታ ያድርግልኝና አልስማማም። ኒኮቲን ከባድ መርዝ ነው፣ በቆዳም ይገባል። ከልጆቹ ለማራቅ ከፈለግሽው ነገር አይሻልም። በዚያ ላይ ትምባሆ ቃሪያና ቲማቲምን የሚያጠቃ፣ ቅጠል የሚያዥጎረጉር ሞዛይክ የሚባል ቫይረስ ሊያመጣብሽ ይችላል። የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ውህዱ ደግሞ ትንሽ ያባርር ይሆናል እንጂ የገባ ወረራ ሲያቆም አላየሁም። ዓይንን ግን በደንብ ያቃጥላል!

ወደፊት ጎመኑን የሚበሳ አባጨጓሬ ከመጣብሽ ቢቲ የሚባለው የባክቴሪያ ዝግጅት አለ። የሚሠራው ቅጠሉን ለሚበላው አባጨጓሬ ነው፣ በተለይ ገና ትንሽ ሳለ። ለክሽክሽ ግን ምንም አይፈይድም፤ እንዳትገዢው።

የገዛሽውን ማላታዮን ካልከፈትሽው ለሻጩ መልሺ። ከቤት ከቆየም በራሱ ዕቃ፣ ጽሑፉ ሳይላጥ፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ። ወደ ውሃ ጠርሙስ እንዳትገለብጪው፤ ቱቦ ውስጥም አትድፊው።

ቃሪያው ላይ ለጊዜው ምንም አትርጪ። ቅጠል የሚጠቀለለው በክሽክሽ ብቻ አይደለም። ትሪፕስ የሚባሉ ቀጫጭን ነፍሳት፣ ማይት የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሸረሪት መሰል ፍጥረታት፣ ቫይረስ፣ ሙቀትም ያደርጉታል። ጫፉ ላይ ያለውን ለጋ ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ አራግፊና የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ እዪ። ቫይረስ ከሆነ የሚያድነው መርጫ የለም፣ ተክሉን መንቀል ነው። እዚያ ከመድረስሽ በፊት ግን የለጋውን ቅጠል ፊትና ጀርባ በቀን ብርሃን ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልን።