የእንቁራሪቷ ኢንዛይም ሴል እንዴት ይገድላል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የካንሰር ሴል የሚገድለው ኦንኮኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከየት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ራና ፒፒየንስ ከምትባል የሰሜን አሜሪካ እንቁራሪት እንቁላል። አር ኤን ኤ (ሴሉ ፕሮቲን ለመሥራት የሚጠቀምበት ሞለኪውል) የሚቆርጥ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ የተሠራው ከ104 አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ፣ ነው። ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ፋርማሲ ሄዳችሁ የምትገዙት መድኃኒት አይደለም።

ጥያቄ፦ የበሬ ቆሽት ውስጥ ያለው “አር ኤን ኤዝ ኤ” የተባለው ኢንዛይምም አር ኤን ኤ ይቆርጣል። እሱ ለምን ካንሰር አይገድልም?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ሴላችን ውስጥ ዘብ አለ። እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ፕሮቲን ነው። የበሬው ኢንዛይም ሲገባ ጭብጥ ያደርገዋል፤ አንዴ ከያዘ መልቀቅ የለም። የእንቁራሪቷ ግን ከበሬው በ20 አሚኖ አሲድ ያንሳል። ዘቡ የሚይዛቸው ጥምዞች አጥረዋል፣ ተለውጠዋል። እጁን ቢዘረጋም መያዣ ያጣል።

ማስረጃ? በ1998 ዊስኮንሲን ያሉ ተመራማሪዎች የበሬውን ኢንዛይም 88ኛ ቦታ ነኩ። ግላይሲን የምትባለውን ትንሽ አሚኖ አሲድ አውጥተው አርጂኒን የሚባለውን ግዙፍ ተኩ። ዘቡ መጨበጥ አቃተው። ሴል የማይነካው ኢንዛይም የሉኪሚያ ሴል መግደል ጀመረ። ከ124 አሚኖ አሲድ አንዷን ብቻ ነው የቀየሩት!

አንድ አባል፦ ግን የእንቁራሪቷ በመቁረጥ አቅም ከበሬው በብዙ ሺህ እጥፍ ደካማ ነው።

ሌላ አባል፦ ስለዚህ የሚገድለው በመቁረጥ አይደለማ!

መልስ፦ በመቁረጥ ነው። የሚቆርጥበትን ቦታ ካበላሹት መግደሉም ይቀራል። ቀርፋፋ ነው፤ ግን የሚያስቆመው የለም።

ጥያቄ፦ በአጠቃላይ መዋቅሩ ምን ጥቅም አለው?

መልስ፦ “በአጠቃላይ” አትበለኝ ወንድሜ። የትኛው ክፍል?

ጥያቄ፦ እሺ፣ የፕሮቲኑን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያስሩት የሰልፈር ድልድዮች?

መልስ፦ አሁን ገባኝ። ሁለቱም አራት አራት አላቸው። የእንቁራሪቷ ግን አንዱ ድልድይ የመጨረሻውን አሚኖ አሲድ፣ 104ኛውን፣ ከ87ኛው ጋር አስሮታል። ጭራው አይንዘላዘልም። የበሬው 60 ዲግሪን አለፍ ሲል ይፈታል፤ ይሄኛው 90 አካባቢ ድረስ ይጸናል። ያቺን አንድ ድልድይ ሲያነሱለት ጽናቱም ገዳይነቱም አብረው ወረዱ። የላላ ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ላሉ ፕሮቲን ፈጪዎች ቀለብ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ካንሰር አለባት። እንቁራሪት ቀቅለን ብንሰጣትስ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን በፍጹም እንዳታደርገው። ፕሮቲን ስለሆነ ሆድ ይፈጨዋል። በደም ሥር እየተሰጠ ለሜሶቴሊዮማ (የሳንባ ሽፋን ካንሰር) የተደረገው ትልቅ ሙከራ እንኳ በ2008 የታሰበውን ውጤት አላመጣም፤ ኩላሊትም ይነካል። ከሐኪሟ አትለዩ።









ጥያቄ፦ ፋርማሲ ይገኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ጥያቄ፦ ሴሉ ውስጥስ እንዴት ይገባል?

መልስ፦ ላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ የበዛበት ስለሆነ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። የሴሉ ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ይለጠፍበታል፤ ሴሉም ራሱ ይውጠዋል። ውስጥ ከገባ በኋላ በዋናነት ቲ አር ኤን ኤውን፣ ማለትም አሚኖ አሲዶችን ወደ ፕሮቲን መሥሪያው የሚያደርሰውን አር ኤን ኤ፣ ይቆራርጣል። ያኔ ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ያቅተዋል።