ጥያቄና መልስ፦ ኢሉሚናቲ፣ ፍሪሜሶንና የላሊበላ ጠራቢዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ምሥጢር ማኅበራት የሚጠይቁ ናቸው። ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከሰበታና ከቱሉ ዲምቱ የተጻፉ ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ብዙ ገጽ ስለያዙ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ ወስጄ፣ የማንንም ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ። «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ የሚኖር ወጣት በቴሌግራም «የኢሉሚናቲ አባል ሁን፣ በሰባት ቀን ሕይወትህ ይለወጣል» የሚል መልእክት ደርሶት የመመዝገቢያ 3,500 ብር ልኳል። አሁን «ቀለበትህ ጉምሩክ ላይ ስለተያዘ 12,000 ብር ጨምር» ስላሉት ከእናቱ ዕቁብ ላይ ሊወስድ አስቧል።

መልስ፦ አንድ ብር እንዳትጨምር፤ የእናትህንም ዕቁብ እንዳትነካ። የቀረውን ሳታነብ ብትተወው እንኳ ይህን ያዝልኝ።

ኢሉሚናቲ የሚባል ማኅበር በእርግጥ ነበረ። አዳም ቫይስሃውፕት የተባለ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መምህር በ1776 በባቫርያ፣ ኢንጎልሽታት በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ከጥቂት ተማሪዎቹ ጋር መሠረተው። የባቫርያው ገዥ ካርል ቴዎዶር በ1784 እና በ1785 ባወጣቸው ዐዋጆች አገደው፤ ከአባላቱ ቤት የተያዙትን ወረቀቶችም መንግሥቱ በ1787 አሳትሞ አደባባይ አወጣቸው። ዐሥር ዓመት በቅጡ ያልኖረ ማኅበር ስሙ የገነነው ከፈረሰ በኋላ ነው። በ1797 አንድ ፈረንሳዊ ቄስና አንድ ስኮትላንዳዊ ምሁር፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የፈረንሳይን አብዮት ያስነሣው ኢሉሚናቲ ነው ብለው ጻፉ። የዳቦ ዋጋ አንገብግቦት አደባባይ የወጣው የፓሪስ ሕዝብ ከታሪኩ ወጥቶ፣ ያልነበሩ ሰዎች ገቡበት።

ለአንተ የጻፈልህ ሰው የዚህን የሞተ ማኅበር ስም ይዞ የሚነግድ ሌባ ነው። መልእክቶቹን አታጥፋ፤ ስክሪንሾት አንሥተህ አስቀምጥ። ዛሬውኑ ባንክህ ሄደህ ገንዘቡ የገባበትን የሒሳብ ቁጥር አስመዝግብ፣ ከዚያም በአቅራቢያህ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ቃልህን ስጥ። የመታወቂያህን ፎቶ ልከህላቸው ከሆነ ይህንም ለሁለቱም ንገር። አፍረህ ዝም ማለትህ የሚጠቅመው ሌባውን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ዶላሩ ላይ ያለው ዓይንና ፒራሚድ የማን ነው?

መልስ፦ በ1782 የጸደቀው የአሜሪካ መንግሥት ማኅተም የኋላ ገጽ ሲሆን፣ በ1 ዶላር ኖት ላይ የታተመው ከ1935 ጀምሮ ነው። ከሥሩ በሮማ ቁጥር የተጻፈው 1776 አገሪቱ ነጻነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው፤ ከኢሉሚናቲ ምሥረታ ጋር መግጠሙ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ጥያቄ፦ ፍሪሜሶኖች በእጅ አጨባበጥ ይተዋወቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው፤ ምሥጢሩም በ1730 ለንደን ላይ ታትሞ ተሽጧል።

ጥያቄ፦ ከሰበታ የጻፉልኝ የታሪክ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው «ላሊበላን የሠሩት ቴምፕላሮች ናቸው» የሚል ቪዲዮ አይተው ክፍሉ ለሁለት እንደተከፈለ ይናገራሉ። «ምን ልበላቸው?» ነው ጥያቄያቸው።

መልስ፦ መምህር፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ ይህ የእርስዎ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ብመልስ ይታገሡኝ።

ቴምፕላሮች በ1119 ገደማ ኢየሩሳሌም ላይ፣ ተሳላሚዎችን ከሽፍታ ለመጠበቅ የተቋቋሙ መነኮሳት ወታደሮች ነበሩ። ሀብታቸው ከበዛ በኋላ ባለዕዳቸው የነበረው የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስ አራተኛ በጥቅምት 1307 በአንድ ቀን አሳሰራቸው፤ ሊቀ ጳጳሱ ቀሌምንጦስ አምስተኛ በ1312 ማኅበሩን አፈረሰው፤ የመጨረሻው አለቃቸው ዣክ ደ ሞሌ በ1314 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ቪዲዮው እንደሚለው ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌም ተሰድዶ ሳለ ተዋውቋቸው ወደ ሮሃ አመጣቸው። የሚያቀርቡት ዋና ማስረጃ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀረጸው ጫፉ ሰፋ ያለ መስቀል የቴምፕላሮቹን ይመስላል የሚል ነው።

ተማሪዎችዎን የአክሱም ሳንቲም ያሳዩአቸው። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለበት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ መስቀል ይቀርጹ ነበር፤ ይህም ቴምፕላሮች ከመቋቋማቸው 800 ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው። ቀጥለው ቤተ አማኑኤልን ያሳዩአቸው። ግድግዳው ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሆኖ ሳለ፣ አክሱማውያን እንጨትና ድንጋይ እያፈራረቁ ሲገነቡ ይታይ የነበረውን መልክ ሳያዛንፍ ያሳያል፤ እንጨት በሌለበት የእንጨቱ ቅርጽ በድንጋይ ተጠርቦ ወጥቷል። ይህን የሚሠራ ባለሙያ የአክሱምን አሠራር ከልጅነቱ አይቶ ያደገ መሆን አለበት። በቦታው ባሉ የእንጨት መንበሮች ላይም የንጉሡ ስም በግእዝ ተቀርጾ ይገኛል።

በ1520ዎቹ ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም ብሎ ብዕሩን አቁሟል። እዚያው ላይ ሥራው የነጮች ነው ብለው እንደነገሩት ጽፏልና ቴምፕላሮችን የሚያነሡ ሰዎች ይህን ይጠቅሳሉ፤ ነገር ግን አልቫሬስ የጠራቸው ከግብፅ ሰዎች ጋር በሚያያዝ ስም ነው፣ እሱም የደረሰው ንጉሡ ካረፈ 300 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የንጉሥ ላሊበላ ገድል ደግሞ መላእክት ሠራተኞቹን እንዳገዟቸው ይናገራል። ምእመን ይህን ሲያምን ሠራተኞቹን አይክድም፤ መሣሪያ የያዙ ሰዎች በገድሉም ውስጥ አሉ። ሙሉ በሙሉ የጠፉት በቪዲዮው ውስጥ ነው።

ከቤቴ ወደ ታክሲ መያዣው በሚወስደው መንገድ ዳር ድንጋይ ጠራቢዎች ይሠራሉ። አንደኛው ልጅ ከሲኖትራክ የወረደውን ጥቁር ድንጋይ ያገላብጥና በመዶሻው ጫፍ ቀስ ብሎ ይመታዋል፤ ከዚያም ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ድምፁ ጥርት ካለ መሮውን ያሳርፍበታል፤ ከታፈነ ግን ውስጡ ስንጥቅ አለውና ወደ ጎን ይጥለዋል። ማን አስተማረህ ብለው «አጎቴ» አለኝ። ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ፣ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ምት የማይመለስበትን፣ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቤተ ጊዮርጊስን ያወጡት ሰዎችም እንዲህ ከአባትና ከአጎት የተማሩ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ስማቸው አልተጻፈም። ስማቸው ስላልተጻፈ ግን ሥራቸውን ለሌላ የመስጠት መብት ማንም የለውም፤ እባክዎ ለተማሪዎችዎ ይህን አስረግጠው ይንገሯቸው።

«ሜሶን» የሚለው ቃል ራሱ ግንበኛ ማለት ነው። በ1717 ለንደን ላይ አራት ማኅበሮች አንድ ሆነው የዛሬውን ፍሪሜሶን ሲያቋቁሙ፣ ከአባላቱ ብዙዎቹ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ኮምፓሱንና ስኳድራውን ከግንበኞች የወሰዱት ለምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪሜሶን ሃይማኖት ነው? ክርስቲያን ሊገባበት ይችላል?

መልስ፦ ራሱን ሃይማኖት ነው አይልም፤ አባል የሚሆን ሰው ግን በፈጣሪ ማመን አለበት ይላል፤ የፈረንሳዩ ታላቅ ማኅበር በ1877 ይህን ግዴታ አንሥቷል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1738 አወገዘችው፤ በ1983ም ክልከላው እንደጸና አስታውቃለች። ስለ ራስዎ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከቡራዩ የጻፈች ተማሪ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለ ፍሪሜሶን መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ሰርቆ እንደወሰደና ዓለም እንዳያነበው እንደተደበቀ ሰምታለች።

መልስ፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ ፍሪሜሶን መሆኑ እውነት ነው፤ የሄኖክን ቅጂዎች ይዞ በ1773 አውሮፓ መግባቱም እውነት ነው። መደበቁ ግን ሐሰት ነው። አንዱ ቅጂ ለፓሪስ የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላው ለኦክስፎርድ ተሰጠ፤ በ1821ም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ። እህቴ፣ ሊደበቅ የማይችልበት ዋናው ምክንያት ደግሞ ቅርብሽ ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ሆኖ በቤተ ክርስቲያናችን ሳይቋረጥ ሲገለበጥ፣ ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮችም ጥንታዊነቱን መሰከሩ። ብራና ላይ ጎንበስ ብለው ሲገለብጡ ዓይናቸው የደከመ ጸሓፊዎች ያቆዩልንን መጽሐፍ «ፍሪሜሶኖች የደበቁት» ማለት የጸሓፊዎቹን ድካም መርሳት ነው። ትርጓሜውን ለማወቅ በአጥቢያሽ የመጽሐፍ መምህር ካሉ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ «ታዲያ በምሥጢር ተሰብስቦ ታሪክ የለወጠ ማንም የለም ልትለን ነው?»

መልስ፦ አልልም። በ1981 የኢጣልያ ፖሊስ አሬዞ አጠገብ በነጋዴው ሊቾ ጄሊ ፋብሪካ ባደረገው ፍተሻ፣ እሱ የሚመራው ፒ ዱዌ የተባለ የምሥጢር ማኅበር አባላት የሆኑ 962 ሰዎች ስም ዝርዝር ተገኘ፤ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ነበሩበት፤ በዚያው ዓመትም መንግሥቱ ወደቀ። ወደ አገራችንም እንምጣ። በሰኔ 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአራተኛ ክፍለ ጦር የተሰበሰቡት ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች የአባላታቸውን ስም ለሕዝብ ሳይገልጹ ነበር መንግሥቱን ቁርጥ ቁርጥ እያደረጉ የወሰዱት፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲገደሉ ሕዝቡ የሰማው በሬዲዮ ነው። እውነተኛ ምሥጢር ቃለ ጉባኤ፣ ስም፣ ቀንና መቃብር ትቶ ያልፋል፤ ተመርምሮም ይገኛል። መረጃ ስትጠየቅ «መረጃው አለመኖሩ ራሱ መረጃ ነው» የሚልህን ሰው ግን አትመነው።

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ የጻፈች እናት ባለቤቷ የጭነት መኪና ጋራዥ እንዳለውና በቅርቡ ሁለተኛ እንደከፈተ ትገልጻለች። ጎረቤቶች «ማኅበር ገብቶ ነው» ማለት ጀምረዋል፤ ልቅሶ ቤት ስትቀመጥ አጠገቧ የነበሩት ተነሥተው ሄደዋል፤ ልጆቿም ለልደት አይጠሩም።

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የባለቤትሽ እጅ ናፍጣ ከመልመዱ የተነሣ በሳሙና እንደማይለቅ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግራሶ ለፋሲካ እንኳ እንደማይወጣ ጽፈሽልኛል። ያንን እጅ በየቀኑ እያዩ ሀብቱን ከአጋንንት የሚያመጡ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ማረሻ የሚሠራላቸውን ቀጥቃጭ፣ እንስራ የምትሠራላቸውን ሸክላ ሠሪ፣ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል ብለው አግልለዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ቡዳ የሚለው ስም ዛሬ ኢሉሚናቲ በሚለው ተተካ እንጂ፣ የሚጎዳው ያው በእጁ ሠርቶ ያደረ ሰው ነው። ይህን ዝም ብለን ማሳለፍ የለብንም።

ስም ማጥፋት በሕግ ያስጠይቃል፤ ጠበቃ ማማከር ትችያለሽ። እኔ ግን አስቀድመሽ የዕድሩን ዳኛና ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎችን ይዘሽ፣ ወሬውን የጀመረችውን ሴት ስም ጠርተሽ በፊታቸው እንድታስጠይቂ እመክራለሁ፤ ከኋላ የሚወራ ነገር ፊት ለፊት ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ባለቤት ያጣል። ልጆቹን ደግሞ ቅዳሜ ጋራዥ ይውሰዳቸው፤ የአባታቸውን ሥራ በዓይናቸው ይዩ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ አንዲት እህት ስለ 22 ዓመት ወንድሟ ትጽፋለች። የሚኒባስ ታርጋ ቁጥሮች የማኅበሩ ምልክት ናቸው ይላል፤ ሰው በሌለበት ሲሳደቡበት ይሰማል፤ ተመርዟል ብሎ የቤት ምግብ ትቷል፤ ሁለት ሳምንት አልተኛም። «ኢሉሚናቲ እንደሌለ በምን ላሳምነው?» ትላለች።

መልስ፦ አታሳምኚው። የወንድምሽ ጉዳይ የታሪክ ክርክር ሳይሆን ሕመም ነው፣ ሕመሙም ይታከማል። አትከራከሪው፤ እውነት ነውም አትበዪው፤ «ፈርተሃል፣ እንቅልፍም አጥተሃል፣ አብረን ሐኪም እንይ» በዪው። ነገ ጧት በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ የአእምሮ ሕክምና ከሌለ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላችሁ። በዚህ ጉዳይ ሌላ ደብዳቤ እስክትጽፊልኝ አትጠብቂ፤ ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ሐኪምን አይተካም።

ጠበል መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፤ መድኃኒቱን ግን ሳያቋርጥ ይሁን፤ የንስሐ አባታችሁም ይህንኑ እንዲነግሩት አድርጉ። እንዳታስሩት። ራሴን እጎዳለሁ ካለ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት፤ ቢላውን፣ ገመዱንና የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አውጡ፤ ሌሊትም ቢሆን መኪና ያለውን ጎረቤት ቀስቅሱ።