ባሌ ሶላቱን አይተውም፤ «ሴኩላር ነኝ» ይላል

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት ነኝ። ባለቤቴ አምስት ወቅት ይሰግዳል፣ ረመዳንን ይጾማል፣ ዘካውን ያወጣል። በቅርቡ ታላቅ ወንድሜ ፊት «እኔ ሴኩላር ነኝ» አለ። ወንድሜ ደግሞ ለብቻዬ ጠርቶ «ሁለቱ አብረው አይሄዱም፣ ኒካሕሽን አስቢበት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሱብሒ ላይ ተነስቶ መስገዱን ተኝቼ አዳምጣለሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የኒካሑን ነገር የምታምኚውን ዓሊም ጠይቂ። የእኔ ሙያ አይደለም፤ የወንድምሽም አይመስለኝም።

ባለቤትሽን ግን «ምን ማለትህ ነው?» ብለሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ሴኩላር ሲባል ፈጣሪን የካደ የሚመስለው ብዙ ነው። «መንግሥት በሃይማኖት አይግባ፣ ሃይማኖትም በመንግሥት» ለማለት ብቻ የሚጠቀምበትም አለ። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 ላይ የተጻፈው ይኸው ነው። በሚያዝያ 1966 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት ሙስሊሞች ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ የሚል ነበር። በ2004ም «መንግሥት ከመጅሊሳችን እጁን ያንሳ» ሲባል የነበረው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ዓሊሞች አሉ፣ ክርክሩም ረጅም ነው። እየሰገደ እንዲህ የሚያስብ ሰው ግን ባልሽ የመጀመሪያው አይደለም።

እኔን ያሳሰበኝ የሱብሒው ማዳመጥ ነው። ሲሰግድ ስትሰሚ ትረጋጊያለሽ። በማግስቱ ደግሞ ካላረጋገጥሽ አያስችልሽም። ጭንቀት እንዲህ ነው፤ በፈተሽሽ ቁጥር ሌላ ፍተሻ ይጠይቅሻል። እሱም አንድ ቀን ይነቃብሻል። ሰው ደግሞ እየተጠበቀ መሆኑን ሲያውቅ፣ ወዶ የሚያደርገውን ነገር እንኳ ሊጠላው ይችላል። ስለዚህ ማዳመጡን ተዪው። መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል፣ እየቆየ ይቀላል።

ልጅቷ ከተኛች በኋላ አናግሪው። «ያን ቀን ያልከው ነገር አስፈርቶኛል» ብለሽ ጀምሪ። ስለ ፖለቲካ አትከራከሪው፤ ስለ ቤታችሁ ጠይቂው። ልጃችን መድረሳ ትገባለች? የቤታችን ሥርዓት እንዳለ ይቀጥላል? እንደሚመስለኝ የሚያስፈራሽ እዚህ ጋ ነው።

ለወንድምሽ «አስበህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የትዳሬን ጉዳይ ግን ከባሌ ጋር እጨርሰዋለሁ» በይው። ታላቅ ነውና በአክብሮት ይሁን፣ ግን ሳትሽኮረመሚ።

ምናልባት ባለቤትሽ «እውነት ለመናገር፣ የምጠራጠርባቸው ነገሮች አሉ» ቢልሽስ? ያ ሌላ ወሬ ነው። ሳትደነግጪ እስከ መጨረሻው ስሚው። ብቻ በዚያው ሌሊት ለወንድምሽ እንዳትደውዪ።