«ምን በልቼ ነው?»

እህቴ፣ እዚህ ቡድናችን ውስጥ የጻፍሽውን ጥያቄ ያነበብኩት ትናንት ማታ ነው። መመለስ ስጀምር ብዙ ሆነብኝና ለዛሬ አሳደርኩት። ታላቅ እህትሽ በ46 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኝቶባታል፤ ኬሞ ልትጀምር ነው። አንዱ ስኳር አቁሚ ይላታል፣ ሌላው ወተት አትንኪ፣ ሌላው አኩሪ አተር መርዝ ነው። አንዷ ደግሞ የፕላስቲክ ዕቃሽን ሁሉ ጣይ ብላታለች። እሷም ሌሊት እየተነሳች «ምን በልቼ ነው?» ትልሻለች። አንቺ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። ያመጣባት የበላችውና የምትኖርበት አካባቢ ነው ወይ? አሁንስ ምን ብትበላ ይሻላታል?

ሐኪም አይደለሁም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በ43 ዓመቴ፣ ግራ ጡቴ ላይ ተገኘብኝ። በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ፣ ጨረር፣ ከዚያ ለዓመታት ታሞክሲፈን የሚባል ሆርሞኑን የሚከላከል ክኒን። ከዚያ በፊት 11 ዓመት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የእህትሽን ጥያቄ በደንብ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴን መጠየቄ ሳያንስ፣ ልትጠይቀኝ የመጣች አክስቴ ገና ሳትቀመጥ «ምን በልተሽ ይሆን?» አለችኝ። ክፋት የላትም። ምክንያቱን ካወቀች እሷ የምታመልጥ መስሏት ነው። እኔን ግን ጥፋተኛ አድርጋኝ ሄደች።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ ኩሽና ገባሁ። ትልቅ ጥቁር ፌስታል ዘርግቼ የፕላስቲክ ዕቃውን ሁሉ መክተት ጀመርኩ። ጎድጓዳ ሳህኑ፣ ክዳኑ የጠፋው ዕቃ፣ ዕቃው የጠፋው ክዳን፣ ወንፊቱ፣ ማንኪያዎቹ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቃል አልተናገረም። ጠዋት የተረፈ ምግብ የምናስቀምጥበት ዕቃ አጣን።

የፕላስቲኩ ስጋት ጨርሶ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በአንዳንዱ ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ቢፒኤ የሚባል ኬሚካል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞከር እንደ ኢስትሮጅን፣ ማለትም እንደ ሴት ሆርሞን፣ ይሠራል። ሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። ምግብ በፕላስቲክ ዕቃ አለማሞቅ ጥሩ ልማድ ነው። ከዚያ ያለፈው የእኔ ዓይነት የሌሊት ዘመቻ ነው።

ካነበብኩት ሁሉ ዓይኔን የገለጠልኝ ዲዲቲ የሚባለው የተባይ ማጥፊያ ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ከ1959 እስከ 1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ተወስዶ ተቀመጠ። (ዓመቶቹን ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከብዙ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ደሙን አውጥተው የዲዲቲውን መጠን ለኩና ከሴቶቹ መካከል ማን በጡት ካንሰር እንደተያዘች አዩ። ዲዲቲ በሰፊው መረጨት የጀመረው በ1945 ነው። ውጤቱ በ2007 ሲወጣ፣ በ1945 ዕድሜያቸው ከ14 በታች ከነበሩት ውስጥ በደማቸው ብዙ ዲዲቲ የተገኘባቸው ሴቶች የመያዝ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ከዚያ በላይ በነበሩት ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ኒውዮርክ አጠገብ ያለችው የሎንግ አይላንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ በ2002 ዲዲቲና ጡት ካንሰር አይገናኙም ብሎ ነበር። እዚያ የተለካው የአዋቂ ሴቶች ደም ነው፤ ያውም በሽታው ከተገኘ በኋላ።

የአቶም ቦምብ በተጣለባቸው በሒሮሺማና በናጋሳኪም የታየው ይኸው ነው። ጨረሩ ሲደርስባቸው ከ20 ዓመት በታች የነበሩት ልጃገረዶች ናቸው ኋላ በጡት ካንሰር በጣም የተጠቁት። የልጃገረድ ጡት ገና እየተሠራ ያለ ቤት ነው። ሴሎቹ በፍጥነት ይባዛሉ፤ ያኔ የደረሰ ጉዳትም አብሯቸው ይባዛል።

ለእህትሽ ይህን ንገሪያት። አምና የበላችው አይደለም። ዕብጠት በእጅ እስኪዳሰስ ድረስ ዓመታት ይወስዳል። በ12 ዓመቷ የተነፈሰችውን አየርና የጠጣችውን ውሃ ደግሞ እሷ አልመረጠችም።

የሌሊት ፈረቃ ነገር የእኔ ቁስል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2007 የሌሊት ሥራን «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑ የሚገመት» ብሎ መደበው፤ በ2019 እንደገና አይቶ እዚያው ተወው። ሳነበው ሆዴ ተላወሰ። በኋላ ቀይ ሥጋም እዚያው ምድብ ውስጥ እንዳለ አየሁ። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ አደጋው ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ አይደለም። የካንሰር ሐኪሜን «በፈረቃው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «በአንዲት ሴት ላይ እንዲህ ነው ብሎ የሚነግርሽ ካለ አትመኝው» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ተኛሁ።

የፀጉር ቀለም? ከ50,000 በላይ ሴቶችን የያዘ፣ እያንዳንዷ በጡት ካንሰር የተያዘች እህት ያላት፣ የአሜሪካ ጥናት አለ። በ2019 ባወጣው ውጤት ቋሚ ቀለም የሚጠቀሙት ከማይጠቀሙት 9 በመቶ፣ የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል የሚጠቀሙት ደግሞ 18 በመቶ ከፍ ያለ ዕድል ነበራቸው። በጥቁር ሴቶች ላይ የቋሚ ቀለሙ ቁጥር 45 በመቶ ደርሷል። 9 በመቶ ሲባል አትደንግጪ። ከ100 ሴት 12 ይያዙ ከነበረ 13 ገደማ ይሆናሉ ማለት ነው። 45 ግን ትንሽ አይደለም፤ እኔ ሽበቴን ትቼዋለሁ። ዲኦድራንትን ተዪው፤ በ2002 ወደ 1,600 በሚጠጉ ሴቶች ላይ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም።

በአፍ ከሚገባው ሁሉ ማስረጃው አንድ ወጥ የሆነው አልኮል ነው። በቀን 10 ግራም፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ገደማ፣ የመያዝን ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ወይንም ቢራም ያው ነው። የሚገርመኝ፣ ወተት አቁሚ ካሉኝ ሰዎች አንዱም «ወይኑንስ?» አላለኝም። አንዷማ ይህን የመከረችኝ ብርጭቆዋን ይዛ ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው፤ በተለይ ካረጡ በኋላ። ያኔ ኦቫሪ ኢስትሮጅን ማምረት ያቆማል፣ ሥራውን ግን ስብ ይረከባል። ስብ ውስጥ ያለ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኢስትሮጅን ይቀይራል። ስብ በበዛ ቁጥር ፋብሪካው ይሰፋል። ስኳርም ጥፋቱ በዚህ በኩል ነው። «ካንሰር ስኳር ይበላል» ይባላል፤ ማንኛውም ሴል ይበላል። ባትበዪም ጉበትሽ ራሱ ይሠራዋል። ለስላሳ መጠጥ ያወፍራል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። በሽታው ከተገኘ በኋላ ምግብ ለውጥ ያመጣል ወይ? ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አሉ፤ ጎን ለጎን ሲታዩ ነው የሚያስተምሩት። አንደኛው 2,437 ታካሚዎችን በዕጣ ከፍሎ አንዱን ቡድን ቅባት አስቀነሰ። በ2006 ሲታይ በዚያ ቡድን በሽታው የመመለስ ዕድሉ 24 በመቶ ቀንሷል። ሁለተኛው በ3,088 ሴቶች ላይ ነው። አንዱን ቡድን አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ አሰር ያለው ምግብ፣ በየቀኑ የአትክልት ጭማቂ ሳይቀር አበዛላቸው። ከሰባት ዓመት በላይ ተከታትሎ በ2007 ውጤቱን አወጣ። በሽታው የተመለሰባቸው ከአትክልቱ ቡድን 16.7 በመቶ፣ ከሌላው 16.9 በመቶ። ያው ነው ማለት ነው። ልዩነቱ ምን ነበር? በመጀመሪያው ጥናት ሴቶቹ ወደ ሦስት ኪሎ ገደማ ቀንሰው ነበር። በሁለተኛው አልቀነሱም። ብዙ ባለሙያዎች ዓይናቸውን የጣሉት እዚያ ላይ ነው። ምግብ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። 48,835 ጤነኛ፣ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ቅባት ቀንሰው እህል፣ አትክልትና ፍራፍሬ ያበዙትን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትሎ በጡት ካንሰር መሞት በ21 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ጭማቂ ጀመርኩ። ካሮትና ቀይ ሥር ብቻ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ኬሞ መካከል ሌላ ምግብ እምቢ አልኩ። አምስት ኪሎ ወረድኩ። «ቆሻሻው እየወጣ ነው» እያልኩ እደሰት ነበር። ለሦስተኛው ዙር ስሄድ ነጭ የደም ሴሌ ወርዶ ተገኘ፤ ኬሞው በሳምንት ተራዘመ። ነርሷ «ትናንት ምን በላሽ?» አለችኝ። «ጭማቂ።» «ከትናንት ወዲያስ?» «ጭማቂ።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሴሉን ያወረደው ኬሞው ነው። መልሶ የሚሠራበትን ፕሮቲን ግን የከለከልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። ክብደት መቀነስ ለሌላ ጊዜ የሚሆን ሥራ ነው፤ ኬሞ ላይ ሆነሽ አትጀምሪውም።

ስለዚህ በኬሞው ወቅት እህትሽ የሚወርድላትን ትብላ። እንቁላል፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ሆዷ የተቀበለውን። በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ እንቁላልና ያልፈላ ወተት ግን ይቅርባት፤ ነጭ የደም ሴል ሲወርድ ትንሿ ጀርም ሆስፒታል ታስተኛለች። አኩሪ አተር አያስፈራ። በሻንጋይ 5,042 ታካሚዎች ላይ ተደርጎ በ2009 የወጣው ጥናት፣ ብዙ የሚበሉት በሽታው ሲመለስባቸውም ሲሞቱም ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ያ ግን ምግቡ ነው። በእንክብል የታጨቀው ሌላ ነገር ነው።

የእንክብልና የቅጠላ ቅጠል ነገር ከተነሳ፣ የምትወስደውን ሁሉ ጽፋችሁ ለሐኪሟ አሳዩ። ወደፊት ታሞክሲፈን ከታዘዘላት ጉበት ነው አዘጋጅቶ ወደ ሥራ የሚያስገባው፤ አንዳንድ መድኃኒትና ዕፅ መንገዱን ይዘጋበታል። እዚህ ቡድን ውስጥ ደግሞ «ኬሞ ትቼ በምግብ ዳንኩ» የሚል ጽሑፍ አልፎ አልፎ ይወጣል። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሊድን የሚችል ካንሰር ይዟቸው ሕክምናውን ትተው አማራጭ መድኃኒት ብቻ የመረጡትን ከታከሙት ጋር አነጻጽሯል። የጡት ካንሰር ከያዛቸው መካከል አማራጩን ብቻ የመረጡት የመሞት ዕድላቸው ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር። እነሱ መጥተው አይጽፉልንም።

መራመድ ከቻለች ትራመድ። በ2005 በ2,987 ነርሶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከሕመሙ በኋላ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት በመካከለኛ ፍጥነት የመራመድ ያህል የሚንቀሳቀሱት በበሽታው የመሞት ዕድላቸው ከማይንቀሳቀሱት በግማሽ ያህል ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። መጀመሪያውኑ የጠነከረችዋ ናት የምትራመደው ልትዪ ትችያለሽ፤ እውነትም ሊኖረው ይችላል። እኔ ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ እስከ ግቢው በርና መልስ ነበር የምችለው። በር ላይ ቆሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። በስድስተኛው ዙር ሰፈሩን ዞርኩት።

አንቺም ራስሽን አትርሺ። ከጡት ካንሰር ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው በዘር የሚወርድ ነው። እህትሽ የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁላት፤ የአንቺን ክትትልም ይወስናል።

ሌላ አንድ ነገር። ኬሞው አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፤ ሹካም ማንኪያም ሲነካሽ ያስጠላል። መላው በፕላስቲክ ማንኪያ መብላት ነው። እህትሽ የኩሽናዋን እስካሁን ካልጣለችው ታስቀምጠው። እኔ አንድም አላስተረፍኩም ነበር፤ ባለቤቴ ነው በማግስቱ ደርዘን ገዝቶ የመጣው፤ ያኔም አንድ ቃል አልተናገረም።