የአደራ ውሻ ከመቀበልዎ በፊት ካርዱን ይዩ

እኅታችን፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ አነበብሁት። ጎረቤቶችዎ የፈረንጆቹን ገና ከዘመዶቻቸው ጋር ለማሳለፍ ወደ ውጭ ሊሄዱ መሆናቸውን፣ እስከ ጥምቀት ማግስት ድረስ ሁለት ውሾቻቸውንና አንዲት ድመታቸውን እንዲጠብቁላቸው መለመናቸውን ገልጸው፣ በቀን ስንት ብር እንደሚጠየቅና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባዎ ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ሰዎች «ለውሻ ደግሞ ምን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፣ ትርፍራፊ ይጣልለት» ብለው አልፈዋል። እኔ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ስኖር ለአራት የበዓል ሰሞን የሰው እንስሳ ጠብቄአለሁ፤ ሦስቱ በሰላም አልፈዋል፤ አንዱ ግን ከተከፈለኝ በላይ አስከፍሎኛልና ረዘም አድርጌ ብጽፍልዎ አይታዘቡኝ።

አንደኛው የምግብ ነገር ነው። ጎረቤቶችዎ የሚሄዱት ከታኅሣሥ 16 በፊት ከሆነ፣ ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ገና አይፈታም፤ ብዙው ሥጋ ቤት ዝግ ስለሚሆን ለውሻ የምንገዛው ሳንባ አይገኝም። እኔ በጾሙ የምገላገለው በጣና ዳር ከአሣ አጥማጆች በማገኘው የአምባዛ ጭንቅላት ነው፤ ቀቅዬ፣ እሾሁን አንድ በአንድ በእጄ ለቅሜ፣ ከሩዝ ጋር አዋህጄ እሰጣለሁ። (እናቴ «እኛ ሽሮ እየበላን ለውሻ አሣ ይቀቀላል?» ብላ ሳምንት ሙሉ አኩርፋኛለች።) በገና ዕለት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያርዳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደግ ይሆናል፣ የዶሮ አጥንትና የወጥ ፍትፍት በአጥር ላይ ይወረወራል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲታኘክ እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ሊወጋ እንደሚችል ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ሽንኩርቱ ነው። ቀዩም ሆነ ነጩ፣ ጥሬውም ሆነ የበሰለው፣ የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የዶሮ ወጥ ቁሌት ደግሞ ሽንኩርት መሆኑን ለእርስዎ አልነግርም። ጉዳቱ በዕለቱ ላይታይ ይችላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ገርጥቶ፣ ሽንቱ ጠቁሮ ሲያዩት ነው የሚደነግጡት። በግ ካረዱም፣ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ ጥሬውን ለውሻ አይጣሉ፤ በውስጡ ያለው የትል ዘር በውሻው አንጀት አድጎ፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ድመቷን ከቤቷ አያንሱ። ቁልፍ ይቀበሉና በቀን ሁለት ጊዜ እዚያው ሄደው ያብሏት። እኔ አንዲቱን ወደ ቤቴ ወስጄ በሦስተኛው ቀን ጠፍታብኝ፣ በየአጥሩ ሥር «ውሮ፣ ውሮ» እያልሁ ስዞር የሰፈር ልጆች ተከትለውኝ እየሣቁ፣ ለካስ እርሷ በባለቤቶቿ ጣሪያ ላይ ተኝታ ፀሐይ ትሞቃለች።

ሦስተኛው የክትባት ካርድ ነው። አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ስደርስ እጄም አንጀቴም ስለሚያር፣ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርዎ።

በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ 14 ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቡቺ የሚባል ውሻውን ለ30 ቀን፣ በቀን 120 ብር ሒሳብ አደራ ሰጠኝ። «ክትባቱን ወስዷል?» ብዬ ስጠይቀው «አይዞህ፣ ሁሉም አለው» አለኝ። ካርዱን አሳየኝ ማለት ሰውየውን ሐሰተኛ ማድረግ መስሎ ስለታየኝ ዝም አልሁ። እንግዲህ ይሉኝታ ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ጥር 10፣ በከተራው ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ከበሮው፣ እልልታውና የልጆች ርችት ሰፈሩን አናወጠው። ቡቺ ከግቢው ጥግ በረጅም ገመድ ታስሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ የውጭውን በር ገርበብ አድርጌ ታቦት ለመሳለም ወጣሁ፤ ጥፋቴን አልደብቅም። የጎረቤቴ የስምንት ዓመት ልጅ አዲስ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከጓደኞቿ ጋር ሎሚ ስትወራወር ሎሚው በበሩ ሥር ተንከባልሎ ገባ፤ ልጅቱ ተከትላው ገባች፤ በዚያው ቅጽበት ርችት ፈነዳ። ስመለስ ባቷ ላይ ሁለት የጥርስ ቀዳዳ አየሁ፤ ሎሚውን ግን አልለቀቀችውም።

ሴቶቹ ተሰብስበው አንዷ «ቡና ነስንሱበት» ስትል ሌላዋ ቅቤ ፍለጋ ትሮጣለች። እኔ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ዘመድ ስላለኝ፣ እርሱ ሲለው የሰማሁት ትዝ አለኝና ልጅቱን አቅፌ ወደ ቧንቧ ወሰድኋት፤ በልብስ ሳሙናና በሚወርድ ውሃ፣ ስልኬን አጠገቤ አስቀምጬ እየተመለከትሁ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብሁላት። 15 ደቂቃ የሚያለቅስ ልጅ ይዞ ምን ያህል እንደሚረዝም የያዘው ያውቀዋል። አያቷ ጠበል ይቅደም ብለው ነበር፤ ጠበሉ እንደማይቀር፣ መርፌው ግን ለነገ እንደማይባል በልመና አስረዳኋቸው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና።

መጀመሪያ የሄድንበት የጤና ተቋም «ውሻው መከተቡን የሚገልጽ ወረቀት አምጡ» አለን። ወረቀቱን ይሰጣል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ስደርስ ሠራተኛው ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ የሰፈሩን ከተራ በስልኩ ይቀርጻል። ካርድ እንደሌለኝ ሲሰማ ሳይዞር «ካርድ የሌለው ውሻ የባዘነ ውሻ ነው፤ ይገደልና ጭንቅላቱ ይመርመር» አለኝ። የአደራ ውሻ መሆኑን ብነግረው «ታዲያ ባለቤቱ ይምጣ» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። በማግሥቱ ጥምቀት፣ ቢሮው ዝግ ነው። ዓርብ ዕለት ብመለስ «ለቃና ዘገሊላ ወጥቷል» ተባልሁ። ደግነቱ ወረቀቱን ሳልጠብቅ በዚያው በከተራ ምሽት በባጃጅ ስንዞር አንድ የግል ክሊኒክ የመጀመሪያውን መርፌ ሰጥቷት ነበር። የቀሩት አራቱ በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በአሥራ አራተኛውና በሃያ ስምንተኛው ቀን ነበሩ፤ አንዱንም አላሳለፍንም።

ባልደረባዬ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም የላከልኝ በሁለተኛው ቀን ነው። እውነትም ተከትቧል፤ ቀኑ ግን ኅዳር 2014 ይላል። ክትባቱ በየዓመቱ የሚታደስ ስለሆነ፣ እኔ ውሻውን ስረከብ ጊዜው ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። ሰውየው አልዋሸኝም፤ ቀኑን ያየ ግን እርሱም እኔም አልነበርንም።

ዘመዴ እንዳስረዳኝ፣ የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን በምራቁ አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው፤ መግደልም አያስፈልግም። ስለዚህ ቡቺን እስከ ጥር 20 አስሬ፣ ውሃ መጠጣቱንና መብላቱን ጠዋትና ማታ በደብተር እየመዘገብሁ ቆየሁ። ባለቤቱ ጥር 13 መጥቶ ውሻዬን ስጠኝ ቢለኝ እንቢ አልሁት፤ «ውሻዬን አገተብኝ» ብሎ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ አወራ። ደመወዜ 3,600 ብር ነበር፤ ለመርፌ፣ ለባጃጅና ለልጅቱ ምትክ ቀሚስ ያወጣሁት 5,400 ብር ሆነ። እርሱ ደመወዜን እንጂ የመርፌውን አልከፈለም፤ «በሩን የከፈትኸው አንተ ነህ» አለኝ፤ በዚህ እንኳ አልተሳሳተም። ልጅቱ ዳነች፣ ውሻውም አላበደም፤ ደብተሩን ለልጅቱ አባት ባሳየሁት ጊዜ ሰውየው የአሥሩን ቀን መዝገብ አንድ በአንድ አንብቦ፣ ክስ ሊመሠርት የጻፈውን ማመልከቻ ከኪሱ አውጥቶ ቀደደው።

ስለዚህ እርስዎ የሁለቱንም ውሾች ካርድ፣ የድመቷንም ቢሆን፣ ዛሬ ያስመጡና የመጨረሻውን ቀን በዓይንዎ ይዩ። ዓመት የሚሞላው እነርሱ በሌሉበት ጊዜ ከሆነ ሳይሄዱ ያሳድሱ፤ ጭራሽ ያልተከተበ ካለ ደግሞ ለመጀመሪያው ክትባት ሰውነቱ መከላከያ እስኪያበጅ ሳምንታት ስለሚፈጅ፣ ሻንጣ ሲዘጋ የሚደረግ ነገር አይደለም። ዋናው ካርድ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ። አደጋ ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚከፍል፣ መንገድ ተዘግቶ መመለሻቸው ቢዘገይ የተጨማሪው ቀን ሒሳብ ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። በከተራና በጥምቀት ሁለቱንም ውሾች ቤት አስገብተው በሩን ቆልፈው ይውጡ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ እኔ አሁን ለአንድ ውሻ በቀን 250 ብር፣ ምግቡን ሳይጨምር፣ ግማሹን በቅድሚያ እቀበላለሁ። ለድመቷ የመመላለስ ድካምዎን ብቻ ያስቡ።