«ጋንግዎን» ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። አያቴ ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ኮሪያ ዘምቶ ነበርና ፎቶው ጀርባ ላይ «ቹንቾን» የሚል ጽሑፍ አለ፣ ጎግል ሳደርገው ጋንግዎን የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ነው ይላል። ስሙ ትርጉም አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው፣ ግን እንደምታስበው አይደለም። በቻይና ፊደል ሲጻፍ «ጋንግ» ወንዝ «ዎን» ሜዳ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው የወንዝና የሜዳ አገር ይመስለዋል፣ አገሩ ግን ተራራ በተራራ ነው! እውነቱ ምን መሰለህ፣ ከሁለት ከተማ ስም ተቆርጦ የተገጠመ ነው፤ ምሥራቅ ባሕር ዳር ካለችው ጋንግኑንግ «ጋንግ»ን፣ በምዕራብ በኩል ካለችው ዎንጁ «ዎን»ን ወስደው በ1395 (በፈረንጅ) ጆሶን በሚባለው የድሮው የኮሪያ ነገሥታት መንግሥት ጊዜ አወጡት። እኛ ጅማና አጋሮን ቆርጠን «ጅማጋ» እንደማለት በለው። ግዮንግሳንግ የሚባለው ክፍለ ሀገርም እንደዚሁ ነው፣ ከግዮንግጁና ከሳንግጁ፤ ግዮንጊ ብቻ ለየት ይላል፣ እሱ በዋና ከተማው ዙሪያ ያለ መሬት ማለት ነው።

የስሙ መጨረሻ ላይ «ዶ» ካየህ ክፍለ ሀገር ማለት ነው። ጋንግዎን ዛሬ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግማሹ ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ነው። ቹንቾን የደቡቡ ጋንግዎን ዋና ከተማ ናት፣ ስሟም «የጸደይ ጅረት» ነው፣ ደስ አይልም? እዚያ የኛ ዘማቾች ሐውልት አለ፣ በ1968 (በፈረንጅ) ሲመረቅ ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል። ፎቶውን ላሚኔት አስደርገው እንጂ፣ የጅማ እርጥበት አይምረውም።